ቸኮሌት ለቆራጦች

ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ ቆርጠው ተነስተዋል። እሰየው! እንዲህ ያለ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ሆድ ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ ስለሆነ፣ የእርስዎም ከምሳ በኋላ የተወሰነ እንደሆነ እገምታለሁ። ምናልባት ሱሪው አልቆለፍ ብሎ ይሆናል። ምናልባት የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ጀርባውን የሰጠ ወፍራም ሰው አይተው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ቤተሰቡ ሁሉ ዝም ብሎ ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከዛሬ ጀምሮ ስኳር፣ ዳቦና ፓስታ ደህና ሰንብቱ ተብለዋል።

ቸኮሌት ግን ይቆያል። ጣፋጭ ነገር በሙሉ የተከለከለበት ቁርጠኝነት ዕድሜው አጭር ነውና፣ ብልህ ሰው አጥሩን ሲያጥር አንዲት ቀዳዳ ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያቺን ቀዳዳ በሥርዓት መክፈት ነው፤ ምድጃ ውስጥ ሳይጋግሩ፣ ዱቄት ሳይነኩ፣ ስኳር ሳይጨምሩ ቤትዎ ውስጥ ቸኮሌት ሠርቶ በንጹሕ ሕሊና መብላት። ቸኮሌቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሥራ የሚበዛው ሕሊናው ላይ ነው።

ስለ መሥራቾቹ

የገቡበት መንገድ ታላላቅ አባቶች ያሉት መሆኑን ማወቅ ያበረታዎታል። የመጀመሪያው የለንደኑ ዊልያም ባንቲንግ ነው። ሙያው ቀብር ማስፈጸም ነበር፤ ቤተሰቡ የእንግሊዝ ነገሥታትን ሳይቀር በክብር ሲሸኝ የኖረ ነው። ባንቲንግ ከመወፈሩ የተነሳ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ነበር፤ ደረጃም ሲወርድ ቀስ ብሎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ወደ ኋላ ነበር የሚወርደው። ሐኪሙ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች በተቻለው መጠን እንዲተው አዘዘው። ወደ 20 ኪሎ ቀነሰና እ.ኤ.አ. በ1863 ነገሩን ለሕዝብ በደብዳቤ መልክ አሳተመ። ከምሳው ጋር ሁለት ሦስት ብርጭቆ ወይን ግን ተፈቅዶለት ነበር። ስለዚህ ቀዳዳ የመተው ጥበብ ከመሥራቹ ጀምሮ የነበረ ነው፤ እኛ ያመጣነው አይደለም።

ሁለተኛው የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪም ራስል ዋይልደር ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ «ኪቶ» የሚለውን አመጋገብ እ.ኤ.አ. በ1921 በሐሳብ ደረጃ ያቀረበው የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ነበር፤ ሱሪ አልቆለፍ ላላቸው አልነበረም። ሦስተኛው የልብ ሐኪሙ ሮበርት አትኪንስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን የሕዝብ አደረገው። ቀባሪ፣ ሐኪም፣ ሐኪም። አራተኛው እርስዎ ነዎት።

ስለ ግዢ

ሳይጋገር የሚሠራ መክሰስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሶ ተለውሶ ጭብጦ ሲሆን፣ የገብስ ዱቄትም በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ጭኮ ሲሆን መጋገሪያ የጠየቀ የለም። ስንት መንገደኛ በዚህ ስንቅ በረሃ ተሻግሯል። ይሁን እንጂ የገብስ ዱቄት ከሁለት ሦስተኛው በላይ ካርቦሃይድሬት ነው፤ መንገደኛው በእግሩ ይሄድ ነበር፣ እርስዎ ግን እስከ ጥግ ያለው ሱቅ ድረስ እንኳ ልጅ ነው የሚልኩት። ስለዚህ ለአያቶቻችን ያለንን አክብሮት እንገልጽና ወደ ካካዎ እንሻገራለን።

የሚያስፈልግዎት ይህ ነው፦ ምንም ያልተቀላቀለበት 50 ግራም የካካዎ ዱቄት፣ 100 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ ተቆልቶ እስኪቀባ ድረስ የላመ 100 ግራም ኦቾሎኒ፣ 50 ግራም የተቆላ ሰሊጥ፣ ቁንጥር ጨው፣ እና ማጣፈጫ። ኦቾሎኒው ከባቢሌ፣ ሰሊጡ ከሁመራ የመጣ ከሆነ ይህን ለሚበላው ሁሉ ይናገሩ፤ ኮኮናቱ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅዎትም።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ወጥመዶች ይጠብቁዎታል። የመጀመሪያው በቆርቆሮ የሚሸጠው ለትኩስ መጠጥ የተዘጋጀ ካካዎ ነው። በማሸጊያው ላይ የግብዓቶች ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ስኳር መጀመሪያ ከተጻፈ፣ በእጅዎ የያዙት ካካዎ የሸተተው ስኳር ነው። በዋጋው ይደነግጡ ይሆናል። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው፤ በእነዚህ አገሮች የአየሩ ሁኔታና የዛፍ በሽታ ምርቱን ጎድተውት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኒው ዮርክ ገበያ ላይ የአንድ ቶን ዋጋ ከ12 ሺህ ዶላር አልፎ ነበር። ባለሱቁ «ምን ላድርግ፣ ከላይ ጨምሮ ነው» ሲልዎት፣ እንግዲህ በዚህ አንድ ዕቃ ላይ እንኳ ይመኑት።

ሁለተኛው ወጥመድ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልዎት «ሎው ካርብ» የሚል ቸኮሌት ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ከማንበብዎ በፊት ከየት አገር እንደተገዛ ይጠይቁ። በአሜሪካ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ሰውነት የማይፈጨውን አሰር ይጨምራል፤ ስለዚህ አሰሩን ቀንሰው የቀረውን ይቆጥራሉ። በአውሮፓ ማሸጊያ ላይ ግን አሰሩ አስቀድሞ ተቀንሶ ለብቻው ነው የሚጻፈው፤ እንደገና ከቀነሱ ሁለቴ ቀነሱ ማለት ነው። ይህን እያወቁ ሁለቴ የሚቀንሱ ሰዎች አሉ። ውጤቱ በጣም ያስደስታል፤ አንዳንዱ ቸኮሌት ከዜሮ በታች ይወርድና፣ ብዙ በበሉ ቁጥር እየከሱ መሄድ ይጀምራሉ።

ሦስተኛው ወጥመድ ወዳጅ ነው። እርስዎ ካካዎ ይዘው ሲቆሙ ከጎንዎ ብቅ ይልና «ለምን በማር አትሠራውም? ማር እኮ ስኳር አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው» ይላል። ካልሆነም ተምር እንዲፈጩበት ይመክራል። ከ100 ግራም ማር 82 ግራሙ፣ ከ100 ግራም ተምር ደግሞ 75 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ተፈጥሮ መሆናቸውንስ ማን ካደ? ኮሶም ተፈጥሮ ነው።

ስለ ማጣፈጫ

እዚህ ላይ ምርጫው ብዙ ነው፤ ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው። ስቴቪያ ከቅጠል የሚወጣ ሲሆን ከስኳር 200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል። በማንኪያ የለመደ እጅ እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ትንሽ ከበዛ ይመራል፣ ምሬቱም ከምላስ ቶሎ አይለቅም። ኤሪትሪቶል መልኩ ስኳር ይመስላል፤ ጣፋጭነቱ የስኳርን ሁለት ሦስተኛ ያህላል፤ የደም ስኳርን ከፍ አያደርግም ማለት ይቻላል። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ሚንት ይቀዘቅዛል፤ እንግዳዎ «ምን ጨመርክበት?» ካለ፣ የአልፕስ ነፋስ ነው ይበሉት።

ማልቲቶል ደግሞ «ስኳር የለበትም» በሚሉ ብዙ ቸኮሌቶች ውስጥ የሚገኘው ነው። እንደ ስኳር ባይሆንም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ሲበዛ ደግሞ ሆድ ያላላል፤ ለዚህም ነው የአውሮፓ ሕግ እንዲህ ያሉ ማጣፈጫዎች ከ10 በመቶ በላይ የገቡበት ምግብ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ የሚያስገድደው። ማስጠንቀቂያውን ማሸጊያው ላይ ያላነበበ ሰው፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ሳለ ያነበዋል። ዛይሊቶል የሚባለውን ከገዙም ከውሻዎ ያርቁት፤ ለሰው ማጣፈጫ የሆነው ለውሻ መርዝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ነገራችንን ሊያበላሽ በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንድ መመሪያ አውጥቷል፦ ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችን አትጠቀሙ ይላል። ስቴቪያ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ኤሪትሪቶልና ዘመዶቹ የሉም። ቆራጥ አንባቢ ዝርዝሩን ሲያይ መመሪያውን ለመቀበል ሳይሆን ስሙ ያልተጠራውን ለማግኘት ነው የሚያየው። ድርጅቱ መመሪያው የስኳር ሕመም ያለባቸውን እንደማይመለከት ገልጿል። ሕመሙ ካለብዎትና ኢንሱሊን ወይም ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን፣ ካርቦሃይድሬት ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ መድኃኒቱ የተለካው ለበፊቱ ምግብዎ ነውና የደም ስኳርዎ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህቺ ምክር ቀልድ የለባትም።

የመረጡት ማጣፈጫ ስኳር የሚመስል ድፍን ከሆነ ሳይወቅጡ አይጨምሩት። ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ቸኮሌቱን ሲበሉ ጥርስዎ መካከል አሸዋ ይንኮሻኮሻል። እዚህ ላይ የቤታችን ሙቀጫ ፈተና ያመጣል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሲወቀጥበት የኖረ ሙቀጫ ቢታጠብም አይረሳም። ጣትዎን ውስጡ አዙረው ያሽትቱ፤ ወጥ ወጥ ካለዎት ይተዉት። የቡናውን ሙቀጫ ይውሰዱ፤ ከታች የቀረችው የቡና ብናኝ ለካካዎ ዘመድ ናት፤ ጣዕሙን ታጎላለታለች እንጂ አታበላሽም። ቡናውን የሚያፈሉት ሰው ካላዩ ነው ታዲያ።

ስለ ማቅለጥ

ድስት ውስጥ ጥቂት ውሃ ያፍሉ፤ ከላዩ የሸክላ ወይም የብረት ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡ፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ። ዘይቱንና ኦቾሎኒውን እሱ ላይ ያቅልጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ስንቀቅል የሚያስመርረን ከፍታ ለቸኮሌት በጎ ነው፤ ካካዎ ለማሳረር ቢፈልጉ እንኳ እንፋሎቱ አይተባበርዎትም። ደግሞስ የኮኮናት ዘይት የሚቀልጠው በ24 ዲግሪ ነው። መብራት ከጠፋ የዘይቱን ዕቃ መስኮት ላይ ፀሐይ ያሙቁት፤ ፀሐይ ቆጣሪ የላትም።

አንድ ከባድ ሕግ አለ፦ ውሃ እንዳይገባ። ሳህኑ ደረቅ፣ ማንኪያው ደረቅ፣ እጅዎ ደረቅ ይሁን። ጠብታ ውሃ ከገባ የካካዎው ብናኝ ውሃዋን ይዞ ይጣበቅና፣ ሲያብረቀርቅ የነበረው ነገር ባንዴ እንደ ጭቃ ይጓጉላል። ክዳን አይክደኑ፤ ክዳኑ ያላበው ላብ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ካካዎውን ነፍተው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ማጣፈጫውን፣ ጨውንና ሰሊጡን ያስከትሉ። ኮረሪማ ከወደዱ በጣት ቆንጥረው ጣል ያድርጉ። ሚጥሚጣም ይሆናል፤ ካካዎን ከጥንት ጀምሮ ይጠጡ የነበሩት የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች በርበሬ ይጨምሩበት ስለነበር፣ ቤተሰቡ «ቸኮሌት ላይ ሚጥሚጣ?» ብሎ ቢጮህ ታሪክ ከእርስዎ ጋር ነው።

ከዚያ ቅባት የማያስተላልፍ ወረቀት ያነጠፉበት ዝርግ ሳህን ላይ ያፍስሱት። ወፍራም ከሆነ በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት፤ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስቴ ጠብ ጠብ ያድርጉት፤ አረፋው ብቅ ብሎ ይፈነዳል። ፍሪጅ ካለ ፍሪጅ ውስጥ፣ መብራት ከሌለም በአዲስ አበባ ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ የክረምቷ አዲስ አበባ ራሷ ፍሪጅ ናት። ድሬዳዋ የሚኖሩ አንባቢዎች የኮኮናት ዘይቱን በካካዎ ቅቤ ቢተኩት ይሻላል፤ እሱ እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ይጸናል። ሠመራ የሚኖሩ ደግሞ በማንኪያ ይብሉት።

ስለ መቁረጥና ስለ ሒሳብ

ግማሽ በግማሽ ሲረጋ፣ ማለትም በጣት ሲነኩት ጣትዎ ሳይዝ ምልክት ብቻ ሲተው፣ በቢላ 20 ቦታ ይቁረጡት። ጨርሶ እስኪደርቅ ከጠበቁ ቢላው ሲያርፍበት ይሰነጠቅና አንዱ የአንዱን ሁለት እጥፍ ያህላል፤ በዚህ ቤት ውስጥ ትልቁ የማን እንደሚሆን ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

አሁን እርሳስ ያንሱ። 50 ግራሙ ካካዎ ውስጥ አሰሩ ከተቀነሰ በኋላ 12 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይቀራል፤ ከኦቾሎኒው 10 ያህል፣ ከሰሊጡ 6 ያህል፤ ከዘይቱ ምንም። ድምሩ 28 ግራም ገደማ። ለ20 ሲካፈል ለአንዱ ቁራጭ አንድ ግራም ተኩል ያህል ይደርሳል። አንድ ግራም ተኩል! በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይቆማል፤ እርስዎም ይቁሙ። አለመቆም ማለት ካሎሪውን ማስላት ነውና፤ ዘይት፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ የቅባት አገር ስለሆኑ አንዱ ቁራጭ ወደ 90 ካሎሪ፣ ሳህኑ በሙሉ ደግሞ 1,800 ካሎሪ ይሆናል። እኛ ግን ካርቦሃይድሬት ለመቀነስ ነው የተነሳነው፤ ስለ ካሎሪ ቃል የገባን የለንም።

ስለ መደበቅ

የአበሻ ቤት ፍሪጅ የጋራ ነው። «ይህ የኔ ነው» ብሎ ቸኮሌት ማስቀመጥ በሕግም በባህልም አይጸናም። ስለዚህ የሚደበቅበት ቦታ ምርጫ ከማጣፈጫው ምርጫ ይበልጣል። ከእርሾው ጀርባ ጥሩ ነው፤ እርሾ የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነው። የድልህ ዕቃ አጠገብ፣ ወይም ከተፈጨው ነጭ ሽንኩርት ጎን ግን አይሆንም። ቅባት ሽታ ይስባል፤ ክዳኑ ካልገጠመ በሁለት ቀን ውስጥ ቸኮሌቱ ቁሌት ቁሌት ይላል። አንዳንዶች ባዶ የቅቤ ዕቃ ውስጥ ይከታሉ። ይህ በጾም ወቅት ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ፋሲካ ዋዜማ ላይ ግን ዕቃው በብዙ ሰው ይፈለጋል፤ የዶሮው ወጥ ውስጥም ምን እንደሚገባ ዋስትና የለም።

ስለ ጾም ከተነሳ፣ ይህ ቸኮሌት ወተትም ቅቤም እንደሌለው ልብ ይበሉ። ረቡዕና ዓርብን ያልፋል፤ ሁዳዴንም ያልፋል። ጾሙ የሚጠይቀው የምግቡን ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጻድቅ ነበርን። ነፍስ አባትዎ ግን ስንት እንደበሉ ሊጠይቁ ይችላሉና ቁጥሩን አስቀድመው ያዘጋጁ።

ስለ ቡና ቁርስ

እንዲህ ያለ ቸኮሌት እውነተኛ ቦታው የቡና ቁርስ ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጤሶ፣ ፈንዲሻ፣ ቆሎና ዳቦ ሲቀርብ እርስዎ ትንሽ ሳህን ይዘው ብቅ ይላሉ፤ አንድ ሁለቴ ጉሮሮዎን ይጠርጉና «ካርቦሃይድሬት የለውም» ይላሉ። አንድ ግራም ተኩል አለው፤ ይህን ያህል ግን ለጨዋታም ይባላል።

ቀጥሎ የሚሆነውን በትዕግሥት ይቀበሉ። ገና አንድ ኪሎ ብቻ ቢቀንሱም አክስትዎ «ኧረ በሞትኩት ልጄን! ፊቱ ሁሉ አለቀ እኮ፤ ሐኪም አይታችሁታል?» ይላሉ። ጎረቤት አንዱን ቀምሶ «ይጣፍጣል፤ ስኳር ብቻ አንሶታል» ይላል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ያነሳሉ። እርስዎ ሳህኑ ላይ የቀረውን በዓይንዎ ሲቆጥሩ ስኒው ይመጣል።

ስኒውን በቅርብ እንየው። ትንሽ ነው፤ በሁለት ጣት ይያዛል። አንድ ሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። የለመዱት ሁለት ማንኪያ ነው፤ 8 ግራም። አቦል ተጠጣ፤ ቶና ሳይጠጣ መነሳት አይቻልም፤ በረካን ያልጠጣ ደግሞ በረከት ቀረበት። ሦስት ስኒ፣ 24 ግራም። ከእንግዳው ዓይን የሸሸጉት ቸኮሌት 16 ቁራጭ ማለት ነው፤ ማንኪያውን እያማሰሉ፣ ስለ ካካዎ ጥቅም እያስረዱ የጠጡት። ለምሳ የበሉትን እንጀራ እዚህ ውስጥ አላስገባሁም። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት መሆኑን ብነግርዎት ወዳጅነታችን ይበላሻል፤ ጤፍ አሰርና ብረት አለው ብለው እንደሚመልሱልኝም አውቃለሁ፤ እውነትዎን ነው።

ቁራጩ ምንም በደል የለበትም። የበደለው ቀኑ ነው፤ ቀኑን ደግሞ ማንም ለ20 አልቆረጠውም። ይህን ስሌት ለእንግዶች አያሳዩ።

የአቆጣጠር ሕግጋት

ቆራጥ ሰው ያለ ሕግ አይኖርምና፣ በየቤቱ ሳይጻፉ የሚሠራባቸውን እነሆ በጽሑፍ።

አንደኛ፦ ማንኪያና ሳህን ላይ የቀረ አይቆጠርም። መላስ የዕቃ ማጠብ ሥራ አካል ነው፤ ውሃም ይቆጥባል።

ሁለተኛ፦ ሲቆረጥ የተሰበረ ቁራጭ፣ ቁራጭ አይባልም፤ ፍርፋሪ ነው፤ ፍርፋሪ ቁጥር የለውም። ሆን ብሎ መስበር የተከለከለ ነው፤ ቢላው በራሱ ከሳተ ግን ማን ምን ያደርገዋል?

ሦስተኛ፦ ፍሪጅ ከፍተው፣ ቆመው የበሉት መክሰስ አይባልም፤ ፍተሻ ነው። በሩን ከፍቶ መቆየት መብራት ማባከን ስለሆነ ቶሎ መዋጥ ይገባል።

አራተኛ፦ በጉርሻ የገባ ካርቦሃይድሬት የአጉራሹ ነው። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል፤ ሁለተኛው ለሰላም ሲባል፣ ሦስተኛው ሰላሙ እንዲጸና ነው።

አምስተኛ፦ ዓመት በዓል፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ማኅበር፣ ዕቁብ የሚወጣበት ቀን እና እንግዳ የመጣበት ቀን አይቆጠሩም። የተቀሩት ቀናት በሙሉ ይቆጠራሉ፤ በወር አራት አምስት ያህል ይሆናሉ።

እነዚህን ሕግጋት አንድ በአንድ ጠብቀው ከወር በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጡ ቁጥሩ ንቅንቅ ያላለ እንደሆነ፣ በራስዎ አይዘኑ። ወለሉ ወጣ ገባ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑን ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱት፤ በአንድ እግር ይቁሙበት፤ ባትሪውን ይቀይሩለት። የአትኪንስን መጽሐፍ ይዘው አይውጡበት፤ ይመዝናል።

ከዚህ መንገድ የሚያስወጡ መናፍቃን እንዳሉ ግን ላስጠነቅቅዎት። እነዚህ ሰዎች ቡናቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ መጀመሪያ ሳምንት ፊታቸውን እያጨማደዱ፣ በኋላ ጭራሽ ሳያጨማድዱ። ማጣፈጫውን በየሥሪቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሱና ምላሳቸው ሲለምድ ካካዎው ራሱ ጣዕም እንዳለው ደርሰውበት ያስቸግሩናል። ሁለት ቁራጭ ትንሽ ሳህን ላይ አድርገው፣ ፍሪጁን ዘግተው፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው ይበላሉ። የተረፈውን አይደብቁም፤ ለቤተሰቡ ያከፋፍላሉ፤ ሥራውንም አስቀድመው በእጥፍ ስለሚሠሩት ለማንም አያንስም። የሚሆነውን ባላውቅ ይመቸኝ ነበር፤ ሱሪያቸው ይቆለፋል። ከእነሱ ጋር መኖር አድካሚ ነው። ሲጋብዙዎት ይሂዱ፤ ምክራቸውን ግን ሳህናቸው ላይ ይተዉት።

በመጨረሻም፣ አንድ ማለዳ ከእርሾው ጀርባ ያለውን ዕቃ ከፍተው ባዶ ያገኙት እንደሆነ፣ ቤተሰቡን ሰብስበው «ማነው የጨረሰው?» ብለው አይጠይቁ። ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ አክስትዎ ትናንት ሄደዋል፤ ጥያቄውም መልስ እንዳያመጣ ያሰጋል።